ከተበላ በኋላ አይነሳም

ሰው ሁሉ «ቀዶ ሕክምናን ለምን ተውሽው?» ይለኛል። «አንገሸገሸኝ» እላለሁ። «ደሙ ነው አይደል?» ይሉኛል ወዲያው፣ ያወቁብኝ መስሏቸው። ደም ምን አደረገኝ! ደምማ በውኃ ይለቃል።

እኔን ያንገሸገሸኝን ለመናገር ከሥጋ መጀመር አለብኝ። ጥሬ ሥጋ አልበላም። በቤታችን የማንበላው አባቴና እኔ ብቻ ነን። አባቴ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ሰሜን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በየመንገዱ ዳር ሥጋ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ዝንቡ እንዴት እንደሚሰፍርበት አይቶ አይቶ ሆዱ ቆርጧል። በበዓል ቀን ወንድሞቼ ቢላቸውን ይዘው ሲቀመጡ እኔና አባቴ ድርሻችንን በሳህን ይዘን ወደ ማድ ቤት እንሄዳለን። እናቴ «መጡ ደግሞ እነ አሳርሪልኝ!» ትላለች። ጫማ እስኪመስል ድረስ አድርቃ ትጠብስልናለች፣ እኛም አባትና ልጅ ቆመን እንበላለን። እስከ ዛሬ ድረስ ከአባቴ ወረስኩት የምለው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ገጠር ሠርቼ ስመለስ ቀዶ ሕክምና ለመማር ገባሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። ሬዚደንት ይሉናል። ሬዚደንት ማለት ተማሪም፣ ሠራተኛም፣ አሽከርም ማለት ነው፤ እንደ ቀኑ ይለያያል። እናቴ ግን በምንኖርበት በመሪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያልነገረችው ሰው አልነበረም። ደረጃ ላይ ሆዷን የያዘች ጎረቤት ካየች «ልጄን ላናግርልሽ? ሰርጀን እኮ ናት» ትላለች፣ ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ብትሆንም።

የምንማርበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። የፕሮግራሙን ዳይሬክተርም ስም አልጠራም። በፊቱ «እርስዎ» እለው ነበር፤ አሁን ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል፣ ይቅር በሉኝ። እጁ ወርቅ ነው ይባላል። ልዋሽ አልችልም፣ ወርቅ ነው። ሥጋ ሲከፍት ደም የሚያፍር ይመስላል።

በክፍላችን አንድ ልማድ ነበር። ሥራ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ መሞት የሌለበት ሰው ሲሞት፣ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ጥፋተኛ ይፈለጋል። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ከታች ነው የሚገኘው፤ ከላይ ተገኝቶ አያውቅም። የተገኘው ሰው «ካሳ» ይፈረድበታል፤ ካሳው ክፍሉን በሙሉ ሥጋ ቤት ወስዶ ቁርጥ ማብላት ነው። ተበልቶ ሲያበቃ ጉዳዩ ተዘጋ። «ከተበላ በኋላ አይነሳም» ይባላል። ማንም ያንን በሽተኛ ዳግመኛ ቢያነሳ ነውረኛው እሱ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቂም የማይያዝበት ቤት ገባሁ ብዬ። እኔ ጥግ ላይ ጥብሴን ይዤ እነሱ ሲቆርጡ አያለሁ፣ ይሳሳቃሉ፣ ጥሩ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ላምበረት መናኸሪያ አጥር ሥር ቆሎ የምትሸጥ ናት። አንጀቷ በእምብርቷ በኩል ወጥቶ ታንቋል። የታነቀ አንጀት ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ካልተከፈተ ይሞታል፣ አንጀቱ ከሞተ ደግሞ ሰውየውን ይዞ ይሄዳል። ይህንን የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት አይደለም፣ ተማሪ ያውቀዋል። ነገር ግን ያለ ተረኛው አለቃ ቃል የማንንም ሆድ መክፈት በክፍሉ ክልክል ነው። የዚያን ቀን ተረኛው ራሱ ዳይሬክተሩ ነበር። ከእኔ በላይ ያለውም ሬዚደንት ከእሱ ጋር ምሳ ወጥቷል።

ደወልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ቢላዋ ሳህን ላይ ሲፋጭ ነው። ከዚያ ሳቅ። ከዚያ እሱ፣ አፉ ሞልቶ።

«ምግብ ላይ ነን» አለኝ። «ፈሳሽ ስጫት፣ እመጣለሁ።»

ማኘኩ በጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። «ዶክተር፣ ታንቋል እኮ፣ መልኳም እየተለወጠ ነው» አልኩ። «እሺ እሺ» ብሎ ዘጋው። እንደገና ስደውል አልተነሳም። ቆይቼ ስደውል ደግሞ ስልኩ ራሱ ዝግ ሆነ።

ባሏ በሩ ላይ ቆሟል። መናኸሪያው ውስጥ ዕቃ የሚጭን ሰው ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዟል። «ዶክተሩ ይመጣሉ?» አለኝ። ምን ልበለው? ውሸት አላሰኘኝም። «ምግብ ላይ ናቸው፣ ይመጣሉ» አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። እሱ የደነገጠው ለሚስቱ አይደለም፣ ሰው ከገበታ ላይ ሊያስነሳ መሆኑ አሳፍሮት ነው።

«ኧረ ምግብ ላይ ከሆኑ ይጨርሱ» አለኝ። «እኛ እንጠብቃለን።»

ዳይሬክተሩ የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ። ሲከፍታት እንዴት እንደከፈታት ብታዩ! ጽድት ያለ ሥራ። ግን አንጀቷ ጠቁሮ ነበር። እሁድ ጠዋት ሞተች። ባሏ እጄን ይዞ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለፍታችኋል» አለኝ። ምነው በሰደበኝ ኖሮ!

ሰኞ ጠዋት ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ። «ስልክ ላይ ‹አስቸኳይ› የሚል ቃል አልሰማሁም» አለ ዳይሬክተሩ። ከጎኑ ሆኖ ምሳውን የበላው ሬዚደንት ጣራ ጣራውን ያያል። ልመልስ አፌን ስከፍት አንዱ «ካሳ!» ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ተፈረደ።

ወሰድኳቸው። ዳይሬክተሩ ያን ቀን ስልኩን የዘጋብኝ እዚያው ሥጋ ቤት ነው። መሀል ተቀመጠ። አብሮት ለመጣ እንግዳ ያችን ሴት እያወራለት፣ በቢላው ጫፍ አንድ ቁራጭ ቀይ ሥጋ ወደ ላይ አነሳና «አንጀቷ እንደዚህ ቢሆን ኖሮማ ትተርፍ ነበር፤ ከሰል ሆኖ ነው ያገኘሁት» አለው። ከዚያ አዋዜ ነክሮ ጎረሰው። ያኘካል። ከንፈሩ ዳር ቀይ ይዟል። እኔ ወጥቼ ቦዩ ላይ አስመለሰኝ። ምንም አልበላሁም ነበር፤ የወጣው ሐሞት ብቻ ነው። አፌን ጠርጌ ተመልሼ ገባሁና ሒሳቡን ከፈልኩ። «ጎበዝ! ተዘጋ!» አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እነዚያ እጆች ትከሻዬ ላይ ትኋን የሄደብኝ ያህል ቀፈፉኝ።

የአእምሮ ሕክምና መማር የፈለግኩት ድንገት አይደለም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ኢንተርን ሳለሁ እዚያ ክፍል ሠርቼ ነበር፣ ሐኪሞቹ በሽተኛውን ተቀምጠው ያናግሩታል። ይኼው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ወንበር ስበው፣ ተቀምጠው፣ እስኪጨርስ ይሰሙታል። በእኛ ክፍል በሽተኛ የሚታየው በቆመ ሰው ነው። ሄጄ ጠየቅኳቸው። «አንድ ቦታ አለን፣ እስከሚመጣው ሰኞ ድረስ እናቆይልሻለን» አሉኝ። «ግን ዳይሬክተርሽ ካልለቀቀሽ አንነካሽም።» ሕጉም እንደዚያ ነው። እሱ እሺ ካላለ ወይ እዚያው እቀራለሁ፣ ወይ ሁሉንም ትቼ ቤቴ እገባለሁ።

ቢሮው ስገባ ጥፍሩን እየቆረጠ ነበር። የሰርጀን ጥፍር መቆረጥ አለበት፣ እሺ፤ ግን የተቆረጠው ጥፍር ጠረጴዛው ላይ፣ የበሽተኞች ካርድ ላይ እየተፈናጠረ ያርፋል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ንገሪኝ።» ቀጭ።

«ከቀዶ ሕክምና መውጣት እፈልጋለሁ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል እርስዎ ከለቀቁኝ ሊቀበለኝ ነው። እስከ ሰኞ ነው የሚጠብቁኝ።»

ቀና ሳይል ሳቀ። «ማነው ያናደደሽ?»

«ማንም አላናደደኝም። ፈልጌ ነው።»

«በካሳው ነዋ! አይ አንቺ! እኔ ሬዚደንት ሆኜ ስንት በሬ እንዳበላሁ ብታውቂ።»

«በካሳው አይደለም። ያቺ ሴትዮ…»

ጥፍር መቁረጫውን አስቀመጠ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኝ። «እሱ ተበልቷል» አለኝ ረጋ ብሎ፣ ነውር ነገር የተናገርኩ ይመስል። «ከተበላ በኋላ አይነሳም። አኩርፈሻል። ኩርፊያሽ ሲበርድልሽ ነይ። እብድ ለማከም ደግሞ አትቸኩይ፣ እብድ የትም አይሄድብሽም።»

ከጠረጴዛው ላይ ጥፍሩን በእጁ ጠርጎ መሬት ላይ አራገፈው። ስወጣ ጫማዬ ሥር ተንኮሻኮሸ።

ማታ ቤት ተናገርኩ። እናቴ መጀመሪያ «እብድ?» አለች። ቀጥላም «እብድ!» አለች። «ሰው እንዴት ከሰርጀንነት ወርዶ እብድ ያክማል? ጎረቤቱንስ ምን ልበለው?» አባቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «አለቃሽ ምን አለሽ?» «አኩርፈሻል አለኝ» አልኩት። «በቃ ገባኝ» አለ። ምን እንደገባው እኔ አልገባኝም፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

አባቴ መናኸሪያው ውስጥ ከተራ አስከባሪ ጋር የተጣላ ሹፌር በተገኘ ቁጥር ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው። ለእሱ በዓለም ላይ ኩርፊያ የሚባል ነገር ካለ ሽማግሌ የሚባል መድኃኒት አለው። ለእኔ አንድም ቃል ሳይተነፍስ የበዓል ሱፉን ለብሶ ሆስፒታል ሄደ። ከበሽተኛ ቤተሰብ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ዋለ። ዳይሬክተሩም «እሁድ ሽማግሌዎቹን ይዘው ቤቴ ይምጡ» አለው። ቅዳሜ ነው የነገረኝ፣ ፊቱ በርቶ።

«ምን ያለ ጨዋ ሰው ነው አለቃሽ! ወንበር ስቦ ሰጠኝ እኮ!»

ጮኽኩ። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። «አባዬ! እኔ የምፈልገው እንዲለቀኝ ነው እንጂ እንዲታረቀኝ አይደለም!»

«ቀድመሽ ታረቂ፣ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል።»

«ከታረቅኩማ ቀረሁ! ሽማግሌ ረግጬ ልውጣ?»

ያላሰበው መሆኑ ፊቱ ላይ ታየኝ። ግን ሽማግሌዎቹ ተለምነዋል፣ እሺ ብለዋል፣ ከዚህ በኋላ መቅረት አባቴን ማዋረድ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ፦ የዕድራችን ሰብሳቢና ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያላቸው ሐጂ። በኮንትራት ታክሲ ከመሪ ተነስተን በላምበረት በኩል ሄድን። የቆሎ ሻጮቹን አጥር ስናልፍ ፊቴን አዞርኩ። ከየካ ሚካኤል በላይ መንገዱ ተቆፍሯል፤ ታክሲው እየተንገጫገጨ ወጣ። የዳይሬክተሩ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፣ ከኋላው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ብቻ።

ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። የዕድሩ ሰብሳቢ «ልጃችን አጥፍታለች፣ ልጅ ናትና ይቅር ይበሏት፤ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አሉ። እኔ «አላጠፋሁም» ስል አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ሐጂ ብቻ «ለመሆኑ ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ተዉት ሐጂ፣ ጥፋት ምን ያደርጋል» አለ ዳይሬክተሩ፣ ደግ ሰው ሆኖ። «ልጄ ናት። ትንሽ አኮረፈች። ሰኞ ሥራዋን ትቀጥላለች፣ አለቀ። አሁን ዐረፍ በሉ፣ ምሳ እንብላ።»

ሰኞ ሥራዋን ትቀጥላለች። በሦስት ቃል ቀበረኝ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተቀመጡ።

ምሳው መጣ። እናንተም ገምታችኋል። ትልቅ የጎድን ሥጋ በትሪ፣ ሻኛው ከጎኑ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔን ይቅር በሉኝ» አሉ። «እናውቃለን ሐጂ፣ ለእርስዎ ለስላሳ አምጡ!» ተባለ፣ ማንም ቅር አላለውም። ቀናሁባቸው። በእኛ አገር ሃይማኖት ከገበታ ያስመልጣል፣ ማስጠላት ግን አያስመልጥም። «አስጠላኝ» ብትል ማን ይሰማሃል?

ዳይሬክተሩ ራሱ ቆረጠ። ያችን ሴት የከፈተበት እጅ ነው፣ አቆራረጡም ያው። አንዱን ሰፊ ቁራጭ በእንጀራ ጠቀለለ፣ አዋዜ ውስጥ ነከረና ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። «የዕርቅ ጉርሻ!» አለ። አዋዜው በጣቶቹ መሀል ይንጠባጠባል። ጥፍሩ አጥሮ ተቆርጧል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

አፌን ገጠምኩ።

«ጉረሺ እንጂ!» አሉ የዕድሩ ሰብሳቢ።

«አልጎርስም» አልኩ። «ጥፋቴን የጠየቁት ሐጂ ናቸው፣ ልንገርዎት ሐጂ። አንዲት ቆሎ ሻጭ አንጀቷ ታንቆ መጣች። ስደውልላቸው እኚህ ሰው ይህንኑ እየበሉ ነበር። ስልካቸውን ዘጉብኝ። ባሏን ‹ምግብ ላይ ናቸው› ስለው ‹ምግብ ላይ ከሆኑ ይጨርሱ፣ እኛ እንጠብቃለን› አለኝ። ጠበቁ። ሞተች። ከዚያ ጥፋተኛ ነሽ ተብዬ ለሁሉም ቁርጥ አበላሁ፤ እየበሉ ስለ አንጀቷ አወሩ። ጥፋቴ ይህ ነው። ያስጠላኛል! ሥጋው ያስጠላኛል፣ እጁ ያስጠላኛል፣ ሳቁ ያስጠላኛል!»

ሐጂ ጠርሙሳቸውን አስቀመጡ። «እውነት ነው ዶክተር?»

ጉርሻው አሁንም አየር ላይ ነው። አዋዜው ወደ አንጓው ወርዶ የሸሚዙን እጅጌ ነክቷል። «ሐጂ፣ ይህ የሥራ ጉዳይ ነው» አለ፤ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ፈገግ አለ። «በእኛ ዘንድ ደንብ አለ። ጉዳዩ ተበልቶ ተዘግቷል። ከተበላ በኋላ አይነሳም።»

አባቴ ተነሳ። ሊመታው ነው ብዬ ደነገጥኩ። በእኔና በእሱ መሀል ገባና ኮቱን ቆለፈ።

«የእሷን እኔ ልጉረስላት» አለ።

«አባዬ፣ ተው» አልኩ። አልሰማኝም። አፉን ከፈተ። ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት አጎረሰው፣ ጣቱን እስከ ጥርሱ አስገብቶ። አባቴ አኘከ። በበዓል ቀን ማድ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ቆሞ የደረቀ ጥብስ የሚበላ ሰው፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር አኘከ። ሁለቴ ወደ ላይ አለው፣ በግድ ዋጠው። ጢሙን በመሀረቡ ጠረገ።

«ተበላ?» አለ።

«ተበላ! እንዲህ ነው ጨዋ ሰው!» አለ ዳይሬክተሩ።

«እንግዲያው ከተበላ በኋላ አይነሳም ብለዋል። የልጄም ነገር አይነሳ። ሰኞ ይልቀቁልኝ።»

የዳይሬክተሩ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። የዕድሩ ሰብሳቢ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሐጂ ግን ቀስ ብለው «በሽማግሌ ፊት ነው የተባለው፣ ዶክተር» አሉ።

እጁን በፎጣ ጠረገ፣ ደጋግሞ ጠረገ። «ውሰዷት» አለ በመጨረሻ። «ትሂድና እብዷን ታክም።» ሰኞም ለቀቀኝ፣ ፊቴን ሳያይ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር አባቴ ለባለ ታክሲው «አንዴ አቁምልኝ» አለው። ወርዶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሄደ፣ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። አስመለሰው። ግንባሩን ያዝኩለት፤ ልጅ ሳለሁ እሱ የእኔን እንደሚይዘው። ያ የበዓል ሱፉ ደረቱ ላይ ተበላሸ። ሐጂ ከታክሲው ውኃ ይዘው ወረዱና በዝምታ አቀበሉኝ።

ተጉመጥሞ ተፋ። ትንፋሹን ሲሰበስብ ቆየ፣ ዛፉን በእጁ ተደግፎ።

«ሰውየው» አለኝ ቀና ሳይል። «የሴትዮዋ ባል። ‹ምግብ ላይ ከሆኑ ይጨርሱ› ነው ያለሽ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ኤጭ!» አለና እንደገና ጎንበስ አለ።